የቻይና ስደተኞች ምግብ በየአገሩ ለምን ተለያየ?

ታሪክ ወዳድ (ክር ከፋች)

ስለ ቻይና ምግብ በተነሣው ያለፈው ውይይት ብዙዎቻችሁ «አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ የሚሸጠው የቻይና ምግብ ለፈረንጅ አፍ ሲባል የተበረዘ ነው» የሚል አስተያየት ሰጥታችኋል። እኔ ነገሩን ከሌላ ወገን ማየት የሚሻል ይመስለኛል። የአንድ ስደተኛ ማኅበረሰብ ምግብ ምን መልክ እንደሚይዝ በመጀመሪያ የሚወስነው የተቀባዩ አገር የስደት ሕግ ነው፤ ማለትም ማን እንዲገባ፣ ከማን ጋር እንዲገባ፣ ከገባም በኋላ በምን ሥራ እንዲተዳደር የሚፈቅደው ወይም የሚከለክለው ሕግ። የደንበኛው አፍ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።

አሜሪካን ብንወስድ፣ ከ1849 ጀምሮ ወርቅ ፍለጋ ወደ ካሊፎርኒያ የጎረፉት ቻይናውያን አብዛኞቹ ከአንድ አካባቢ፣ በደቡብ ቻይና ከሚገኘው ከጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር፣ ከዚያም ውስጥ ከታይሻንና ከአጎራባቾቿ ጥቂት ወረዳዎች የመጡ ነበሩ። ስለዚህ የዚያ ሰፊ አገር የምግብ ሀብት ሁሉ ቀርቶ፣ አሜሪካኖች ለመቶ ዓመት ያህል «የቻይና ምግብ» ብለው የቀመሱት የአንድ የባሕር ዳርቻ ጥግ ምግብ ነው። ከወርቁ በኋላ ሴንትራል ፓሲፊክ የተባለው የባቡር ኩባንያ ከ10,000 የሚበልጡ ቻይናውያንን ቀጥሮ በ1869 የተጠናቀቀውን አህጉር አቋራጭ ሐዲድ አሠራቸው። እነዚህ ሠራተኞች በቡድን በቡድን ሆነው ከደመወዛቸው እያዋጡ የራሳቸውን አብሳይ ይቀጥሩ ነበር። አብሳዩ ሩዙን፣ የደረቀውን ዓሣና አትክልት ከሳን ፍራንሲስኮ የቻይና ነጋዴዎች ያስመጣል፤ ሻይ አፍልቶም እስከ ሥራው ቦታ ድረስ ያደርሳል። ውሃውን ሳያፈሉ ይጠጡ ከነበሩት ነጭ ሠራተኞች ይልቅ በሆድ በሽታ የሚወድቁት ጥቂት የነበሩት በዚሁ ሻይ ምክንያት እንደሆነ የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ።

ሐዲዱ አልቆ ሥራ ሲጠፋ ጥላቻው አየለ። በ1875 የወጣው ሕግ በተግባር የቻይና ሴቶችን መግቢያ ዘጋ፤ በ1882 የወጣው ደግሞ የጉልበት ሠራተኞችን መግባት ከለከለ። እናቶችና ሚስቶች በመንደር ስለቀሩ፣ በአሜሪካ ምድር የቻይናን ምግብ ያቆሙት አብዛኛውን ጊዜ እዚያው በካምፕና በምግብ ቤት ምድጃ ላይ ማብሰልን የተማሩ ወንዶች ናቸው። ከማዕድንና ከፋብሪካ ሲባረሩም ነጮቹ የማይሻሟቸውን ሁለት ሥራዎች፣ ልብስ ማጠብንና ምግብ መሸጥን ያዙ።

ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ግን የነጋዴነት ወረቀት ጉዳይ ነው። ሕጉ የጉልበት ሠራተኛን ሲከለክል ነጋዴን ይፈቅድ ነበር፤ ነጋዴ ወደ ቻይና ሄዶ መመለስና ቤተሰቡን ማስመጣት ይችላል። የምግብ ቤት ባለቤት ግን በ1915 የፍርድ ቤት ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ ከነጋዴ አይቆጠርም ነበር። ውሳኔው ከተሰጠ በኋላ ዘመድና የአገር ልጅ ገንዘቡን እያዋጣ (የእኛን እቁብ የሚመስል ልማድ አላቸው) ትልልቅ ምግብ ቤቶችን ከፈተ፤ ባለድርሻዎቹም በየተራ ሥራ አስኪያጅ እየሆኑ ወረቀቱን አወጡ። ሥራ አስኪያጁ ሳህን ሲያነሣ ወይም ሒሳብ ሲቀበል ከተገኘ «የጉልበት ሠራተኛ ነው» ይባልበታል፤ ምስክሮቹም ቻይናዊ ያልሆኑ ሁለት ሰዎች መሆን ነበረባቸው። እንዲህ ያለውን ምርመራ የሚያልፍ ምግብ ቤት ሰፊና ያጌጠ ሊሆን ይገባዋል፤ ሰፊ ምግብ ቤት ደግሞ በሠፈሩ ቻይናውያን ብቻ አይሞላም። ቾፕ ሱይ የተባለው፣ ሥጋው በትንንሹ ተቆርጦ ከሽንኩርት፣ ከሴለሪና ከማሾ ቡቃያ ጋር በፍጥነት ተጠብሶ በስታርች በወፈረ ስጎ የሚቀርበው ምግብ በኒው ዮርክና በቺካጎ ይበልጥ የተስፋፋው አንድም ለዚህ ነው። ሊ ሆንግጃንግ የተባለው ባለሥልጣን በ1896 ኒው ዮርክን ሲጎበኝ አብሳዩ ፈጠረው የሚባለውን ተዉት፤ ምግቡ ከዚያ ቀደም ባሉ ዓመታት በከተማዋ ጋዜጦች ላይ ተጠቅሷል፤ ተረቱ ግን ለገበያ ጥሩ ነበር።

ወጥ ቤት 7

ታሪክ ወዳድ ያቀረቡት ታሪክ ውሃ የሚያነሣ ነው፤ መደምደሚያው ግን ከወጥ ቤት ሆኖ ለሚያየው ሰው ትንሽ ይጎረብጣል። ምግብ የሚሸጥ ሰው በየዕለቱ የሚያየው የተመለሰውን ሳህን እንጂ የሕግ መጽሐፍን አይደለም። የተመለሰ ሳህን ያስተምራል።

ምሳሌዬ የጄኔራል ጾ ዶሮ ይሁን። ይህን ምግብ የፈጠረው ፔንግ ቻንግ ክዌይ የሁናን ክፍለ ሀገር ሰው ነው፤ በ1949 የብሔርተኛው መንግሥት ተሸንፎ ወደ ታይዋን ሲሸሽ አብሮ ተሻገረ፤ ምግቡንም በ1950ዎቹ እዚያው ታይዋን ሳለ ለመንግሥት ግብዣ አወጣው። በ19ኛው መቶ ዘመን የኖሩት ጄኔራል ጾ ዞንግታንግ ቀምሰውት አያውቁም ማለት ነው። የመጀመሪያው አሠራር እንደ ሁናን ምግብ ጨውና ኮምጣጣነት የሚጎላበት፣ ነጭ ሽንኩርትና በርበሬ የበዛበት፣ ስኳር የሌለበት ነበር። በ1970ዎቹ ኒው ዮርክ ሲደርስ ግን ሌሎች አብሳዮች የእርሱን ምግብ አጣፍጠውና የበለጠ አንኮሻኩሸው እየሸጡ አገኛቸው፤ ኋላም እርሱ ራሱ ለአሜሪካኖች በዚያው መንገድ ሠራው።

ዛሬ በየቦታው የሚሠራውን አሠራር አውቀዋለሁ። የዶሮው ጭን አጥንቱ ወጥቶ በጉርሻ ልክ ይቆረጣል፤ በእንቁላልና በበቆሎ ስታርች ይለወሳል፤ በጥልቅ ዘይት ይጠበሳል፤ ወጥቶ ዐረፍ ካለ በኋላ ይበልጥ በጋለ ዘይት ይደገማል፤ ሁለተኛው ጥብስ ነው ቅርፊቱን በስጎ ውስጥ እንኳ እንዳይላላ የሚያደርገው። ከዚያ ጎድጓዳው መጥበሻ ላይ ደረቅ በርበሬ፣ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ይቆላል፤ ሶያ ሶስ፣ አቼቶና ስኳር ይገባል፤ በውሃ የተበጠበጠ ስታርች ሲጨመርበት አፍታ ሳይቆይ ያብረቀርቃል። የስኳሩን መጠን ሳየው ወጥ ይሁን ካራሜል ግራ ይገባኛል። ያንን ስኳር ያስገባው የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ነው ብትሉኝ አልቀበልም።

ታሪክ ወዳድ

ወጥ ቤት 7፣ አሠራሩን እንዲህ አድርገው ስላብራሩልን አመሰግናለሁ። ነገር ግን የጠቀሱት ምሳሌ ለእኔ ክርክር የሚያግዝ ይመስለኛል። አሜሪካ የ1882ቱን ሕግ በ1943 ብትሽርም፣ ለቻይናውያን የፈቀደችው ኮታ በዓመት 105 ሰው ብቻ ነበር። በ1965 የወጣው ሕግ የአገር ኮታን ሲያስቀር ነው ከታይዋንና ከሆንግ ኮንግ ሰው በብዛት መግባት የጀመረው። በዋናው ቻይናና በአሜሪካ መካከል በሩ በሁለቱም ወገን ተዘግቶ ስለነበር፣ የሁናንና የሲቿን ምግብ ኒው ዮርክ የደረሰው ከሁናንና ከሲቿን በቀጥታ ሳይሆን፣ በ1949 ወደ ታይዋን በተሰደዱ አብሳዮች እጅ ነው። አሜሪካዊው በርበሬ የበዛበትን የቻይና ምግብ በ1950 ላይ ያልቀመሰው አፉ ስላልወደደው አልነበረም፤ የሚያበስለው ሰው ስላልገባ ነው። ፕሬዚዳንት ኒክሰን በ1972 ቤጂንግ ሄደው ግብዣው በቴሌቪዥን ሲታይ ፍላጎቱ ጨመረ፤ አብሳዮቹ ግን ቀድመው ገብተው ነበር።

ስኳሩንም ቢሆን ከብሪታንያ ጋር አስተያዩት። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ወደ ብሪታንያ የሄዱት ቻይናውያን አብዛኞቹ የሆንግ ኮንግ ገጠር፣ የኒው ቴሪቶሪስ ገበሬዎች ነበሩ፤ ርካሽ የውጭ ሩዝ ገበያቸውን ስላበላሸባቸው መሬታቸውን ትተው ወጡ። በ1962 የወጣው የኮመንዌልዝ ስደተኞች ሕግ ደግሞ የሥራ ፈቃድ ወረቀት ስለጠየቀ፣ ወረቀቱን በቀላሉ ሊያስገኝ የሚችለው አስቀድሞ ምግብ ቤት የከፈተ ዘመድ ሆነ። ስለዚህ አንድ መንደር ሙሉ ወደ አንድ ሙያ ገባ። የለንደን ገበያ ሲጠብባቸው በየትንሿ ከተማ ተበተኑ፤ ብዙዎቹም የዓሣና የድንች ጥብስ ሱቆችን ከነመጥበሻቸው ገዙ። ሱቁን የገዛ ሰው የቆየውን ደንበኛ አብሮ ገዝቷልና ድንች ጥብሱን አላስቀረም፤ ዛሬም የእንግሊዝ የቻይና ቴክአዌይ (ምግቡን ገዝተው ይዘው የሚሄዱበት ሱቅ) ድንች ጥብስን ከከሪ ስጎ ጋር ይሸጣል። የአሜሪካው የቻይና ምግብ ቤት ይህን አያውቀውም። የእንግሊዝና የአሜሪካ አፍ ያን ያህል የሚራራቅ አይመስለኝም፤ የተራራቀው የገቡበት በር ነው።

የስካርቦሮዋ

ከቶሮንቶ ነው የምጽፈው። በእኛ ሠፈር የሚገኙትን «ሃካ» የሚባሉ ምግብ ቤቶች ሳታነሡ ይህ ውይይት ሙሉ አይሆንም ብዬ ነው የገባሁት። ወደ አንዱ ብትገቡ ባለቤቱ ቻይናዊ መልክ ያላቸው ሰውዬ ሆነው ከደንበኛው ጋር በሂንዲ ወይም በቤንጋሊ ሲጫወቱ ትሰማላችሁ፤ በሩ ላይ ሐላል የሚል ጽሑፍ አለ፤ ጠረጴዛው ላይ በአቼቶ የተዘፈዘፈ ቃሪያ ይቀመጣል።

ታሪኩ ከህንዷ ከተማ ከካልካታ ይጀምራል። ቻይናውያን በዚያች ከተማ ከ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ነበሩ። ከመካከላቸው ሃካ የተባለው ወገን ታንግራ በሚባለው የከተማዋ ዳርቻ ቆዳ ማልፋት ያዘ፤ ሥራውን ከፍ ያለ ወገን ያላቸው ሂንዱዎች እንደ ርኩስ ስለሚቆጥሩት ቦታው ክፍት ነበር። በ1962 ህንድና ቻይና በድንበር ሲዋጉ የህንድ መንግሥት 3,000 ያህል ቻይናውያንን ያለ ፍርድ በራጃስታን በረሃ፣ ዴኦሊ በተባለ ካምፕ አሰረ፤ አንዳንዶቹ እስከ አምስት ዓመት እዚያ ቆዩ። ሲፈቱ ቤታቸውና ንብረታቸው በሌላ እጅ የገባባቸው ብዙ ነበሩ፤ ውጭ የቀሩትም ከከተማ ወደ ከተማ ለመሄድ ፈቃድ መጠየቅ ነበረባቸው። ከዚያ በኋላ መውጣት የቻለ ወጣ፤ ካናዳ ደግሞ በ1967 በዘርና በአገር መምረጧን ትታ በነጥብ መቀበል ስለጀመረች ብዙዎቹ ወደ ቶሮንቶ መጡ። በካልካታ የቀሩትም ቢሆኑ፣ ኋላ ላይ የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቆዳ ፋብሪካዎቹ ስለ ብክለቱ ከከተማ እንዲወጡ ሲያዝ፣ ብዙ ባለፋብሪካዎች ግቢያቸውን ወደ ምግብ ቤት ለወጡት። ወጥ ቤት 7ን የምጠይቅዎ እዚህ ላይ ነው፦ ይህን የወሰነው የትኛው የደንበኛ አፍ ነው?

ይሁንና እርስዎም ሙሉ በሙሉ አልተረቱም። ዶሮ ማንቹሪያን የሚባለውን ምግብ በካልካታ የተወለደው ኔልሰን ዋንግ በ1975 በቦምቤይ የክሪኬት ክበብ ውስጥ እንደፈጠረው ይታወቃል፤ አዲስ ነገር ሥራልን ብለው ደንበኞች ሲጠይቁት፣ እንደ ህንድ ወጥ ቃሪያ፣ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት አቁላልቶ፣ የህንዱን የቅመም ድብልቅ ትቶ በምትኩ ሶያ ሶስ ጨመረበት፤ በስታርችም አወፈረው። ማንቹሪያ የምትባለው የሰሜን ምሥራቅ ቻይና ምድር እንዲህ ያለ ምግብ አታውቅም። ሥጋ ለማይበላው ህንዳዊ በአበባ ጎመን ይሠራል፤ እኛም በጾም ጊዜ የምናዘው እርሱን ነው። እናቴ ስትቀምሰው «ይኼ ሽሮ ቢገባበት አልጫ ነው» ብላ አስቃናለች።

ቶሮንቶ ላይ እንግዲህ ሁለት የቻይና ምግብ ጎን ለጎን ይሸጣል። የሆንግ ኮንግ ሰዎች ብሪታንያ ግዛቷን በ1997 ከማስረከቧ በፊት በብዛት ገብተው ለራሳቸው ሰዎች የሚያበስሉበት አለ። የሃካዎቹ ደግሞ አብዛኛው ደንበኛቸው የህንድ፣ የፓኪስታን፣ የካሪቢያንና የምሥራቅ አፍሪካ ሰው ነው። ሐላል የሆነውም ለዚህ ነው።

ብራና

ሁለቱም ወገን የተናገረው እውነት አለው፤ ግን ሕግ ሕግ ስትሉ አንድ ነገር ዘለላችሁ። ቻይናዊው ስደተኛ ማታ የሚገባው ወደ ማን ቤት ነው?

ፔሩ ከ1849 እስከ 1874 ድረስ 100,000 ያህል ቻይናውያን ወንዶችን ለስምንት ዓመት በሚያስር ውል አስመጥታ በጥጥና በሸንኮራ እርሻዎች፣ እንዲሁም የወፍ ኩስ ለማዳበሪያ በሚቆፈርባቸው ደሴቶች ላይ አሠራቻቸው። ኑሮው ከባርነት ብዙም አይለይም ነበር። ሩዝ ግን በውሉ ውስጥ ቀለብ ሆኖ ተጽፎ ነበር፤ ስለዚህ ባለርስቱ ወደደም ጠላ ሩዝ ማቅረብ ነበረበት። ውላቸውን የጨረሱት ወደ ሊማ ገብተው በማዕከላዊው ገበያ አጠገብ፣ ካፖን በምትባለው ጎዳና ዙሪያ ትንንሽ ምግብ ቤቶች ከፈቱ። ሴቶች ከቻይና አልመጡም ማለት ይቻላል፤ ወንዶቹ የፔሩ ሴቶችን አገቡ። አሜሪካ ውስጥ በብዙ ግዛቶች ከነጭ ጋር መጋባት በሕግ ሲከለከል፣ ፔሩ ውስጥ አልተከለከለም። ስለዚህ ምግቡ የተቀላቀለው ከምግብ ቤት በፊት ቤት ውስጥ ነው።

ሎሞ ሳልታዶን ተመልከቱ። የበሬ ሥጋ ረዘም ረዘም ተደርጎ ይቆረጥና እሳቱ ከመጥበሻው ጠርዝ ዘሎ እስኪነካው ድረስ በኃይል ይጠበሳል፤ ቀይ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና የአገሩ ቢጫ በርበሬ ይገባበታል፤ ሶያ ሶስና አቼቶ ይፈስበታል፤ ከዚያ ድንች ጥብስም ሩዝም በአንድ ሳህን አብሮት ይቀርባል። የእሳቱ አያያዝ የካንቶን ነው፤ ድንቹና በርበሬው የአንዲስ ተራሮች። ዛሬ ፔሩ ውስጥ ይህን «የቻይና ምግብ» የሚለው የለም፤ የአገር ምግብ ነው። ቺፋ የሚባሉት የቻይና ምግብ ቤቶችም በሊማ በየሠፈሩ ስላሉ፣ እሑድ ቀን ቤተሰብ ተሰብስቦ የተጠበሰ ሩዝ ኢንካ ኮላ በሚባለው ቢጫ ለስላሳ መጠጥ ሲበላ ስደትን የሚያስታውስ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ከዚያም የቆየ ምሳሌ አለ። በዛሬዋ ማሌዥያ፣ በማላካና በፔናንግ የሰፈሩት የጥንት ቻይናውያን ነጋዴዎች፣ ማንም የስደት ሕግ ሳያወጣባቸው፣ የአካባቢውን ሴቶች አግብተው ፔራናካን የሚባለውን ማኅበረሰብ ፈጠሩ። ሴቶቹ የኮኮናት ወተቱን፣ የሎሚ ሣሩንና በሙቀጫ የሚወቀጠውን የቅመም ድብልቅ ይዘው ገቡ፤ ወንዶቹ ኑድሉንና የአሳማ ሥጋውን። ላክሳ የተባለው ሾርባ ከዚህ ቤት የወጣ ነው። በአንጻሩ ከሃይናን ደሴት የሄዱት ዘግይተው ስለደረሱ፣ ንግዱን ሌሎች የቻይና ወገኖች ይዘውት ነበርና በእንግሊዞች ቤትና መርከብ አብሳይ ሆኑ። ኋላም የእንግሊዝን ቁርስ ወደ መንገድ ዳር ቡና ቤት አወረዱት፤ የተጠበሰ ዳቦ በኮኮናትና በእንቁላል ማርማላታ።

ስለዚህ ለእኔ ዋናው ጥያቄ «ጓዳው ውስጥ ሴት ነበረች ወይ? ከሆነስ የማን ልጅ ናት?» የሚለው ነው። ሕጉ አንዱ ምክንያት ብቻ ነው።

የአሌክሳንድሪያው

ብራና ባነሡት ላይ አንድ ቃል ልጨምር። እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ ያሉት የእኛ ምግብ ቤቶች ከቻይናዎቹ በተለየ መንገድ ያደጉት በዚሁ ምክንያት ሊሆን ይችላል። የ1980ው የስደተኞች ሕግ ሲወጣ ከሱዳን ካምፖች የመጡት ቤተሰቦች፣ ሴቶችም ጭምር ነበሩ፤ ወጡን የሠሩት ከልጅነታቸው ጀምሮ የሠሩት ሰዎች ናቸው። ጤፍ ስላልነበረ እንጀራው በተገኘው ዱቄት ተጋገረ፤ ወጡ ግን ወጥ ሆኖ ቆየ። ደንበኛውም በመጀመሪያ የገዛ ወገናችን ነበር። ከዚህ በላይ ማነጻጸር ከርእሱ ያስወጣናል።

መሐንዲሱ

እኔ ደግሞ ታሪክ ወዳድን የሚደግፍ ነገር አዲስ አበባ ላይ አይቻለሁ። ከቀለበት መንገዱ አንሥቶ የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ በ2012፣ የከተማው ቀላል ባቡር በ2015 እስኪመረቁ ድረስ ብዙ ቻይናውያን በአገራችን ሠርተዋል። እኔም ከአንድ የቻይና ተቋራጭ ጋር በመንገድ ሥራ ላይ ቆይቻለሁ። አብሳዩ ከቻይና በውል የመጣ ነበር። ካምፑ ውስጥ በላስቲክ ቤት የራሳቸውን ጎመንና ነጭ ራዲሽ ያበቅሉ ነበር፤ የታሸገ ኮምጣጣ አትክልትና የበርበሬ ዘይት በካርቶን ይመጣላቸዋል። እኛ ከበሩ ውጭ እንጀራ በወጥ ከምትሸጥ እናት ዘንድ እንበላለን፤ እነርሱ ከአጥሩ ውስጥ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ምግባቸው ላይ የእኛ አገር ቅመም ሲገባ አላየሁም፤ እኛም የእነርሱን አልወሰድንም፤ ቃሪያ ብቻ ነው የሚያገናኘን።

ምክንያቱ ቀላል ይመስለኛል። የመጡት በኩባንያ ውል ነው፤ ውሉ ሲያልቅ ይመለሳሉ። ቦሌ አካባቢ ያሉት ምግብ ቤቶችም ብዙዎቹ እነዚህኑ ሰዎች ለማብላት የተከፈቱ ናቸው፤ የምግብ ዝርዝሩ አስቀድሞ በቻይንኛ ነው የሚጻፈው። በአንዱ ምግብ ቤት ግን፣ በዐቢይ ጾም ወቅት አስተናጋጇ ራሷ የምግብ ዝርዝሩን ይዛ መጥታ የትኛው ቶፉ ያለ ሥጋ ስጎ እንደሚሠራ በጣቷ እያመለከተች ስትነግረን አስታውሳለሁ። ባለቤቱ ያዘዛት አልነበረም፤ እርሷው ናት ያወጣችው። እንግዲህ መቀላቀል የሚጀመር ከሆነ በእንዲህ ያሉ ሠራተኞች በኩል ይመስለኛል።

ጠያቂ

ውይይቱን በጽሞና እየተከታተልሁ ነው። አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። አሜሪካ ውስጥ ከከተማ ከተማ በሥራ እዘዋወራለሁ፤ የቻይና ምግብ ቤቶቹ የአንድ ኩባንያ ቅርንጫፍ አይደሉም፤ ነገር ግን የምግብ ዝርዝሩ፣ ሥዕሉና ቁጥሩ ሳይቀር በየትም ቦታ አንድ ዓይነት ነው። ይህ እንዴት ሆነ?

ወጥ ቤት 7

ለጠያቂ መልስ ስሰጥ ከታሪክ ወዳድ ጋር መታረቄ አይቀርም።

ከ1980ዎቹ ወዲህ በአሜሪካ ትንንሽ የቻይና ምግብ ቤቶች ውስጥ የሚሠሩት አብዛኞቹ የካንቶን ሰዎች አይደሉም፤ ከፉጂያን ክፍለ ሀገር፣ ከፉዦ ከተማ ዙሪያ ካሉ መንደሮች የመጡ ናቸው። ብዙዎቹ ያለ ወረቀት፣ ለደላላ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ዕዳ ገብተው የመጡ ነበሩ። በ1993 ጎልደን ቬንቸር የተባለችው መርከብ 286 ሰዎችን ይዛ ኒው ዮርክ፣ ኩዊንስ ዳርቻ ላይ አሸዋ ውስጥ ስትገባ፣ ወደ ባሕሩ ዘለው ለመዋኘት ከሞከሩት መካከል 10 ሰዎች ሞተዋል። ዕዳ ያለበት ሰው ሥራ አይመርጥም፤ እንግሊዝኛም ወረቀትም ለሌለው ሰው የቀረው ወጥ ቤት ነው።

ሥራ የሚገኘው በማንሃተን የቻይናውያን ሠፈር፣ በማንሃተን ድልድይ ሥር ከተደረደሩ ጠባብ የሥራ አገናኝ ቢሮዎች ነው። ማስታወቂያው የከተማውን ስም አይናገርም፤ የስልኩን የአካባቢ ቁጥር፣ የወር ደመወዙንና አውቶቡሱ የሚወስደውን ሰዓት ብቻ ይናገራል። ሰውዬው ኦሃዮ ይሁን ቴነሲ የሚያውቀው ሲደርስ ነው። አውቶቡሶቹም እነዚህን ሠራተኞች ለማመላለስ የተጀመሩ ናቸው፤ ርካሽ ሆነው ስላገኛቸው ተማሪው ሁሉ ኋላ ተሳፈረባቸው። ማረፊያው በአሠሪው ቤት ነው፤ ካልተስማማው በወሩ ተመልሶ ሌላ ቁጥር ይመርጣል።

እንግዲህ አብሳይ በየወሩ ሊቀየር የሚችልበት ወጥ ቤት የራሱ የሆነ ምግብ ሊኖረው አይችልም። አዲሱ ሰው ከአውቶቡስ ወርዶ በማግስቱ ጥብስ ሩዙን፣ ዶሮ በብሮኮሊውንና ጄኔራል ጾን ሳይጠይቅ መሥራት አለበት። ለዚህ ነው ስጎው ሁሉ ከሁለት ሦስት መነሻ ስጎ የሚወጣው፤ የቡኒው ስጎ ድስት አንድ ነው፤ ሥጋውና አትክልቱ ብቻ ይለዋወጣል። የምግብ ዝርዝሩን የሚያትሙትም ያው የኒው ዮርክ ቻይናውያን ማተሚያ ቤቶች ስለሆኑ፣ የስም ቦታው ብቻ ክፍት ሆኖ የተዘጋጀውን ወረቀት ነው የሚሸጡት። ስኳሩን ያስገባው ኢሚግሬሽን አይደለም ያልሁትን አሁንም አላነሣም፤ ስኳሩ በሁሉም ከተማ እኩል ማንኪያ መሆኑ ግን ከስደቱ የመጣ ነው።

ታሪክ ወዳድ

ለዚህ ማብራሪያ ምስጋናዬ የላቀ ነው። በመጨረሻ የምጨምረው፣ በዚሁ መለኪያ የሚታይ የቅርብ ጊዜ ለውጥ አለ። በ2019 እና በ2020 የትምህርት ዘመን አሜሪካ ውስጥ የሚማሩ ቻይናውያን ከ370,000 በላይ ነበሩ። እነዚህ ከትልልቅ ከተሞች፣ ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ፣ ገንዘብ ያላቸው ቤተሰቦች ልጆች ናቸው፤ ነጩን ደንበኛ ማባበል የማያስፈልገው ገበያ ይዘው ነው የመጡት። በበቆሎ እርሻ በተከበቡ የዩኒቨርሲቲ ከተሞች ሳይቀር፣ አፍ የሚያደነዝዘው የሲቿን በርበሬ ያለበት የዓሣ ቅቅልና በእጅ የሚጎተተው የላንጆ ኑድል ሲሸጥ የሚታየው ከዚህ የተነሣ ነው። ብዙ ጊዜ እዚያው ጎዳና ላይ፣ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ የፉዦ ሰዎች ቴክአዌይ ጄኔራል ጾን ይሸጣል፤ የአንዱ ደንበኛ ሌላው ጋ እምብዛም አይገባም። ብራና ያነሡት ጥያቄ ግን እዚህም ይሠራል፦ ተማሪ ቪዛ ያለው ሰው ይመለሳል ተብሎ ነው የሚታሰበው፤ ከተመለሰ ምግብ ቤቱ አብሮት ይዘጋል። በወረርሽኙ ወቅት ድንበር ሲዘጋና ተማሪው ሲቀር፣ መጀመሪያ የተቸገሩት እነዚሁ ቤቶች ነበሩ፤ የጄኔራል ጾው ሱቅ ግን በመስኮት እያቀበለ መሸጡን ቀጠለ።